የረቡዕ ገደኛ

ረቡዕን የሚወድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አላጋጠመኝም። ሰኞ ቢያንስ የሚታማ ቀን ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ያማዋል። ዓርብ ተስፋ አለው፣ ቅዳሜ ሠርግ አለው፣ እሑድ እንቅልፍ አለው። ረቡዕ ግን ማንም እንዳልጠራው እንግዳ ከሳምንቱ መሐል ቁጭ ብሏል። ያውም የጾም ቀን ነው፤ ሆድን እንኳ በጥብስ አያባብሉበትም።

ይህን ሁሉ የምለው ወድጄ አይደለም። በሰኔ መጨረሻ የመሥሪያ ቤታችን የሰው ኃይል ኃላፊ ጠራችኝና አንድ ቀን የዓመት ፈቃድ እንደቀረኝ፣ ካልወሰድኩትም እንደሚቃጠል ነገረችኝ። ወጥ ቢቃጠል እችላለሁ፣ ፈቃድ ሲቃጠል ግን አልችልም። ሳላስብ «ረቡዕን ስጪኝ» አልኳት። ማታ ስልኬን ከፍቼ በትልቅ ከተማ በሳምንቱ መሐል ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁ። ሙዚየም ጎብኝ አለኝ። ሙዚየሙን ተማሪ ሳለሁ አይቼዋለሁ፤ አጥንቱ ከዚያ ወዲህ የሚለወጥ አይመስለኝም። ፓርክ ሂድ አለኝ፣ በሰኔ ዝናብ! ከወዳጅ ጋር ምሳ ብላ አለኝ። ወዳጆቼ ረቡዕ ሥራ ላይ ናቸው፤ ሥራ የሌላቸው ወዳጆቼ ደግሞ ምሳ የሚበሉት እኔ ስጋብዝ ነው። በመጨረሻ የአገሬ ሰው ሥራ ሲፈታ የሚያደርገውን አደረግሁ። መርካቶ ሄድኩ። የምገዛው ኖሮኝ አይደለም፣ ለማየት ብቻ።

«ለማየት ብቻ» ብሎ መርካቶ የሚሄድ ሰው፣ «ለማሽተት ብቻ» ብሎ ጠጅ ቤት ከሚገባው ጋር ወንድማማች ነው።

ሲኒማ ራስ ከታክሲ እንደወረድኩ ዝናቡ ጀመረ። ኮቴን ልዘጋ ብታገል እምቢ አለኝ፤ እንደምንም ሰብሰብ አድርጌ ይዤ ወደ ራጉኤል አቅጣጫ ሮጥኩና የአንድ ፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ሸራ ሥር ተጠለልኩ። ሸራው ቀዳዳ ነበረው። ውኃው መርጦ ማጅራቴ ላይ ሲወርድ ጊዜ ወደ ውስጥ ገባሁ። ባለሱቁ ከድር ይባላል፤ ከስልጤ የመጣ፣ የእኔ እኩያ የሚሆን፣ ባልዲ በባልዲ ላይ ደርድሮ በመሐላቸው የተቀመጠ ሰው ነው። አብረን ዝናቡን አየን፣ ስለ ኑሮ ውድነትም ተነጋገርን። ሲያባራ «በል ደህና ዋል» ብዬ ልወጣ ስል ፊቱ ተለወጠ።

«ወንድሜ፣ መክፈቻዬ እኮ ነህ» አለኝ። «አንተ ባዶ እጅህን ከወጣህማ ቀኔ አለቀ።»

የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ጠዋት መጀመሪያ ሱቅ የገባ ሰው ተራ ደንበኛ አይደለም፤ የገበያው መክፈቻ ነው። እጁ የቀና ከሆነ ገበያው እስኪመሽ ይሟሟቃል። ሳይገዛ ከወጣ ግን የሱቁ በር ተከፍቶ ገበያው ሳይከፈት ይውላል። ስለዚህ ዋጋ ይቀነስለታል፣ ይለመናል፣ አንዳንዴም መውጫውን የሚቆምበት አይጠፋም። የዚያን ቀን ደግሞ ዝናቡ ሰዉን ሁሉ ስለያዘው እስከ አራት ሰዓት ድረስ የመስመሩ ሁሉ ገበያ አልተከፈተም ነበር። የከድርን ፊት አይቼ አልጨከንኩም፤ የአይጥ ወጥመድ ገዛሁ። ቤቴ አይጥ የለም።

ገና ከደጃፉ ሳልርቅ ሁለት የወልቂጤ ነጋዴዎች ገብተው ባልዲውን ከነድርድሩ አነሱት። ከድር ሮጦ ደረሰብኝና እጄን ከፍ አድርጎ ለጎረቤቶቹ አሳያቸው። የዚህ ሰው እጅ ላይ ሪዝቅ አለ፣ ገደኛ ነው አላቸው።

አሁን እውነቱን እናውራ። ዝናብ ሲያባራ ሰው ይወጣል፣ የወጣ ሰው ይገዛል፤ ይህን ለማወቅ አዋቂ ቤት መሄድ አያሻም። ላስረዳቸውም አስቤ ነበር። ግን እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑና ፍረዱ። እኔ መሥሪያ ቤት ውስጥ ገደ ቢስ ነው የምባለው። የገባሁበት ሊፍት መብራት ይጠፋበታል፤ የደገፍኩት ቡድን በባከነ ሰዓት ይሸነፋል። በዚህ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መስመር ሙሉ ነጋዴ ገደኛ ሲለኝ «የለም፣ ዝናቡ ነው» የምል ሞኝ አይደለሁም። ደስ አለኝ። እንደ ልጅ ጮቤ ረገጥኩ።

ከዚያማ ምኑ ቅጡ! ብርድ ልብስ ሻጩ ክንዴን ይዞ አስገባኝ፤ ብርድ ልብሱ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ለሌለኝ ልጅ የሱፍ ኮፍያ ገዛሁ። ቀጥሎ ጭልፋ፣ ቀጥሎ ለሌለኝ በር ጓጉንቸር። የገባሁበት ሁሉ ሰው ተከትሎኝ ይገባል፤ ግማሹ እኔን ለማየት ነው፣ ግን መርካቶ የገባ ሰው መግዛቱ መቼ ይቀራል። ደረቴን ነፍቼ፣ ግራ ቀኝ ሰላምታ እየሰጠሁ ሄድኩ። ሲያልቅ አያምር እንዲሉ፣ ኪሴን ብዳብስ የቀረችኝ የታክሲ ብቻ ሆና ተገኘች።

ይህን ጊዜ በአንድ ጠባብ ሱቅ ደጃፍ የቆሙ በዕድሜ የገፉ እናት ደክሞሃል፣ ና ቁጭ በል አሉኝ። እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ ክር፣ መርፌ፣ የልብስ ቁልፍና ዚፕ ሲሸጡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። የገዛሁትን አሳየኋቸው፣ ለማን እንደሆነም ስቄ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ የራሳቸውን ነገሩኝ። ሰው ዛሬ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ይገዛል እንጂ አያሰፋም፤ ሰኞም ማክሰኞም ገበያቸው ሳይከፈት መሽቷል። ልጃቸው «ቤት ተቀመጪና እኔ የስልክ መሸፈኛ ልሸጥበት» እያለ ወር ሙሉ ሲነዘንዛቸው፣ በንዴት «ረቡዕ እስከ ስድስት ሰዓት መክፈቻ ካልገባልኝ ሱቁን አስረክብሃለሁ» ብለውታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እትዬ አስካለ ደግሞ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሴት አይደሉም። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል። ቤት ውለው ምን እንደሚሠሩ ብጠይቃቸው «ግድግዳ አያለሁ» አሉኝና ዓይናቸውን ወደ ክሮቹ መለሱ። አንጀቴን በሉት።

እጄን ኪሴ ከትቼ አንድ መርፌ እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው።

«ምን ልትሰፋበት?»

ኮፍያውን ከጭልፋው ሥር ሸሸግሁ።

«እነዚያ ለሌለህ ልጅ ኮፍያ ሸጠውልሃል። እኔ የሚሰፋው ለሌለው ሰው መርፌ አልሸጥም። ምጽዋት ገበያ አይከፍትም፣ ልጄ።»

ጉዴን እዩልኝ። ልግዛ ብል አይሸጡልኝም፤ ልውጣ ብል ባዶ እጄን መውጣቴ ነው፣ የመጨረሻ ዕድላቸውን ይዤባቸው ልሄድ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይኸው ነው፤ የዝናቡን ገድ የራሴ አድርጌ ስንጎራደድ ውዬ፣ ገድ የምር ሲፈለግብኝ በርጩማ ላይ ተሰፍቼ ቀረሁ።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከድር እያጠያየቀ መጣ። ሰባተኛ ሰፈር ያለው የወንድሙ ሱቅም ገበያው አልተከፈተም፤ ሊወስደኝ ነው። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆሙበት።

«ሰውዬው የእኔ ነው» አሉት። «የእኔ ገበያ ሳይከፈት የትም አይሄድም። የፈለገው ይክፈትልኝና ይውሰደው።»

ከድር ክር ምን እንደሚያደርግለት ጠየቀ።

«ሸራህ ከተቀደደ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። ሰው ተጠልሎብህ በስብሶ ይሄዳል።»

ከድር ማጅራቴን አየ። ወፍራም ክርና የሸራ መርፌ ገዛ። ገበያው ተከፈተ፤ እኔም ራሴ የሸጥኩ ያህል ተነፈስኩ። እትዬ አስካለ ግን ያን ክር ሲጠቀልሉ እንዴት እንደተንቀራፈፉ ብታዩ! ጥቅሉ ሳያልቅ ብርድ ልብስ ሻጩ እኔኑ ፍለጋ ደረሰ። ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ የጃኬቱ ዚፕ ሄዷል፣ ገዛ። ጭልፋ ሻጩ መጣ፤ የሽርጡ ኪስ ተገንጥሏል፣ ገዛ። ሰልፍ ያየ መንገደኛ ደግሞ ምን እንደሚታደል ሳይጠይቅ ተሰለፈ። እትዬ አስካለ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ያዩትና የጎደለውን ይነግሩታል፤ ሙሉ ሆኖ የመጣ አንድም አልተገኘም።

ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ልጃቸው ሱቁን የሚለካ አናጢ አስከትሎ መጣ። በሰው ትከሻ መሐል አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። እናቱ ቀና ብለው ፊቱን፣ ቀጥሎ ሱሪውን አዩ። «ጫፉ ተተርትሯል። ተራህን ጠብቅ» አሉት። አናጢው እየሳቀ ሜትሩን ኪሱ ሲከት በቀዳዳው ሾልኮ ወደቀ፤ እሱም ተሰለፈ።

ሰዉ ቀለል ሲልና ከድር ደጅ ሆኖ ሲጠራኝ፣ ለመሰናበት ተጠግቼ ተናዘዝኩ። እኔ ገድ የለኝም፣ ዝናቡ ስላባራ ነው አልኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት እዚህ ስቀመጥ እኔም ገድ የሚሉትን አላየሁትም» አሉኝ። «እነሱ ግን ያምናሉ።»

ከመሳቢያቸው አንድ ጥቁር የኮት ቁልፍ አወጡና ደረቴ ላይ ለኩት። ለካ የመሐሉ ቁልፍ ታክሲ ውስጥ በግፊያ ተበጥሶ ኖሯል፤ ጠዋት ኮቴ አልዘጋ ያለኝ ለዚህ ነው። እንደቆምኩ ሰፉልኝና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

«መቼ አዩት?» አልኳቸው።

«ገና ስትገባ።»

«ታዲያ መርፌ ስጠይቅዎ ለምን አልሸጡልኝም?»

«ብሸጥልህ ትሄድ ነበራ» አሉኝ።

ኮቴን ዘግቼ ከድርን ተከትዬ ወደ ሰባተኛ ሄድኩ። ረቡዕ ነው፤ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?