በሁዳዴ ለቡላ የተገዛ ሥጋ

ቅናትም እንደ ሌላው ደዌ ሁሉ ማዕረግ አለው። በሚስቱ የሚቀና ሰው ሽማግሌ ይላክለታል፤ በባልንጀራው ሹመት ወይም በጎረቤቱ ፎቅ የሚቀና ሰው ደግሞ ሽማግሌ ባያገኝ ሐሜተኛ አያጣም፤ ሐሜትም እኮ አንድ ዓይነት እውቅና ነው። በውሻ የሚቀና ሰው ግን ወደ ማን አቤት ይላል? “ቅናት አጥንትን ያነቅዛል” የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንድ ቀን ነገሩ በቀጥታ ስለ አጥንት ይሆንብኛል ብዬ ግን አላሰብሁም።

አበው “ውሻ በበላበት ይጮኻል” ሲሉ ጉዳዩን ቋጭተው የዘጉት መስሏቸው ነበር። በሁለት ቤት የሚበላ ውሻ የት እንደሚጮኽ አልነገሩንም። እኔ ልንገራችሁ፤ የትም አይጮኽም። አፉ ሙሉ ነው።

ቡላ የእኔ ውሻ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ጥቂት እንዳመነታ አልደብቃችሁም። ከጀጎል ግንብ በፈላና በር ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ዓይኑን ሳይገልጥ ከቦይ ውስጥ አንሥቼ ያሳደግሁት፣ ስሙን ከጠጕሩ መልክ የወሰደ፣ አንድ ጆሮው የቆመ ሌላው የተኛ፣ የዘር ሐረጉን እንቍጠር ብንል ግማሹን ሰፈር ማስመስከር የሚኖርብን ውሻ ነው። ዘወትር ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ እስከ ባጃጅ መያዣው ድረስ ይሸኘኝ ነበር። ባጃጁ ታጥፎ እስክሰወር ድረስ ቆሞ ያየኛል፤ ከዚያ ይመለሳል። በዚህ ዓለም ላይ ስሄድ ቆሞ የሚያየኝ ፍጡር እርሱ ብቻ መሆኑን የተረዳሁት ሽኝቱ የቀረ ዕለት ነው።

ዞር ብዬ ባይ ማንም የለም። በማግሥቱም የለም። ከዚያ በኋላ፣ ለማንም እንደማይመከር ባውቅም፣ ተከታተልሁት፤ በአቶ ተሾመ ደጅ ላይ አገኘሁት።

አቶ ተሾመ ግንብ የሚለየን ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ሚስታቸውን ቀብረዋል፤ ባለፈው የገና ሰሞን ደግሞ ሬክስ የሚባለው ትልቅ ውሻቸው ሞቶባቸዋል። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ለሬክስ ትልክ የነበረው ደረቅ የውሻ ምግብ፣ ያ እንደ ባቄላ ፍሬ ክብ ክብ የሆነው፣ ግማሽ ከረጢት ያህል ተርፎ ነበርና ለቡላ ይሰጡት ጀመር። እስከዚህ ድረስ ልቤ አልጨከነም፤ የሟች ስንቅ ለጎረቤት መስጠት ጽድቅ ነው። የሟቹ ከረጢት ሲያልቅ ግን ሌላ ከረጢት መጣ። ይህ ሐዘን አይደለም። ይህ ማባበል ነው።

በሌላ ጉዳይ የመጣሁ መስዬ ቤታቸው ገባሁና ከረጢቱን አገላብጬ ማንበብ ያዝሁ።

“መምህር፣ ዳዊት ሊደግሙበት ነው እንዴ?” አሉኝ።

“ፊደሉ ደቃቅ ሆኖብኝ ነው፣ አቶ ተሾመ።”

“የቡላን ጠጕር አዩልኝ? ሲመጣ እኮ ዐመድ የተነፋበት ይመስል ነበር።”

“ሲመጣ” አሉ። ልብ በሉ፤ “ሲመጣ” የሚባለው ሊቀመጥ ስለ መጣ ሰው ነው።

ቤቴ ገብቼ ነገሩን ለባለቤቴ ለሙሉ ባወራላት፣ የያዘችውን ምስር መልቀሟን ሳታቆም፣ “ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ‘የት ዋልሽ’ ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?” አለችኝ።

“አንቺ ደግሞ የት ትሄጃለሽ?” አልሁ። የመልሴ ክፋት የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

“እሱማ ልክ ነህ፤ ደረቅ ምግብ የሚያቀርብልኝ ጎረቤት እስካገኝ ነው።”

ችግር ሲገጥመኝ ማንበብ ልማዴ ነውና አነበብሁ። ባነበብሁ ቁጥርም ጥፋቴ በዛ። ለካ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ ደም መርዝ ኖረዋል! እንግዲህ ፍረዱኝ፤ በእኛ ቤት ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ አለ? በፍቅር ስንፈተፍትለት የኖርነው ሁሉ ሲቆጠርብን ሊውል ነው። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል ይላሉ፤ እኛ ደግሞ አጥንት የምንሰጠው ለክብሩ ስንል ነበር። በጾም ወራትማ ማንም ሳይጠይቀው አብሮን ሽሮ ሲጾም ኖሯል።

ጥሩ ደረቅ ምግብ በምን እንደሚታወቅም ተማርሁ። ከረጢቱ ላይ ከተዘረዘሩት ሁሉ ቀድሞ የተጻፈው በስሙ የሚታወቅ ሥጋ መሆን አለበት፤ “ተረፈ ሥጋ” ብሎ የሚያድበሰብስ፣ በእህል የሚሞላ፣ ቀለም የበዛበት ከሆነ አይታመንም፤ ለውሻው ዕድሜና ቁመናም የሚገባ መሆን ይኖርበታል። የአቶ ተሾመን ከረጢት በዚህ ሚዛን መዘንሁት። ምንኛ በወደቀልኝ! አልወደቀም። ቀዳሚው የዶሮ ሥጋ ነበር፤ ቀለም የለበትም፤ ዕድሜውም ልክ ነው። ተፎካካሪ ክፉ ሲሆን ቅናት ይቀልላል፤ ተፎካካሪህ ትክክል ሲሆን ግን የምትደገፍበት ግድግዳ እንኳ አታገኝም።

ያንኑ ከረጢት ከአዲስ አበባ ማስመጣት ለእኔ መማረክ ነበር። ስለዚህ ትኩስ ምግብ በገዛ እጄ አበስልለታለሁ ብዬ ወሰንሁ፤ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ቀይ ሥጋ፣ ጥቂት ጉበት፣ ካሮትና ስኳር ድንች። ውሳኔው የተወሰነው ግን በሁዳዴ እኩሌታ ላይ ነው።

እንደምታውቁት በሁዳዴ የእኛ ሥጋ ቤቶች ማንጠልጠያቸው ባዶውን ይውላል። ሥጋ ያለው በሙስሊሞቹ ዘንድ ነው፤ በዚህ አገር ደግሞ አብረን እንኖራለን፣ አብረን እንቀብራለን፣ አንዳችን የሌላችንን እርድ ግን አንበላም። እዚህ ላይ ብዙ ያነበበ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስሕተት ሠራሁ። የበሬ ሥጋ ብገዛ “ለራሱ ነው” ይሉኛል፤ የግመል ሥጋ ብገዛ ግን ማንም አይጠረጥረኝም፤ ክርስቲያን ግመል እንደማይበላ አገር ያውቃልና ግመሉ ራሱ ምስክር ይሆነኛል ብዬ ደመደምሁ። በአመክንዮ ረገድ እስከ ዛሬ እንከን አላገኘሁበትም።

በኤረር በር በኩል ወዳለው የግመል ሥጋ ሻጭ፣ ወደ አው ሙሜ ሄድሁ። “አው” ሐረሪዎች ለታላላቆቻቸው የሚሰጡት የክብር መጠሪያ ነው፤ አው ሙሜም ጢማቸውን ሂና የቀቡ፣ ቢላዋቸው ከዓይናቸው የማይዘገይ ሽማግሌ ናቸው።

“መምህር! በጾማችሁ? ኸይር ነው?” አሉኝ።

“ለእኔ አይደለም፣ አው ሙሜ። ለውሻ ነው።”

ቢላዋው አየር ላይ ቆመ። “ለውሻ? ወላሂ፣ ለጅብ የሚገዛ አይቻለሁ፤ ለአሞራ እየወረወረ የሚስቅም አይቻለሁ። ለውሻ ግን... ይሁን፣ እሱም የአላህ ፍጡር ነው። ከሻኛው ስብ ልጨምርልዎት?”

“የለም፣ ስብ አይስማማውም። ቀይ ሥጋ ይሁንልኝ፤ አጥንት የሌለበት። ጉበትም ጥቂት።”

“ሱብሃነላህ! እኔ ራሴ ቤቴ እንዲህ ተመርጦልኝ አላውቅም።”

ፌስታሌን በጋቢዬ ሸፍኜ ወጣሁ። የዚያ ገበያ ጭላቶች ግን አመክንዮ አላነበቡም። ሥጋ ሻጮቹ ቍርጥራጭ ወደ ሰማይ እየወረወሩላቸው ስላደጉ፣ ከሰው እጅ መውሰድን እንደ መብት የሚቆጥሩ ወፎች ናቸው። ገና ጥቂት እንደተራመድሁ አንዱ ከጣራ ላይ ተወርውሮ መጣ፤ ጋቢውን ገለጠ፤ ፌስታሉን ቀደደ፤ አንድ ቀይ ሙዳ ይዞ ሊነሣ ሲል ከበደውና ከድሬ ጠያራ ገጠር የመጡት ገበሬ ሴቶች ስኳር ድንች ከሚሸጡበት መደብ ላይ ጣለው። እዚያ ጎንበስ ብለው ድንች የሚመርጡት ሴት ቀና ሲሉ፣ አብረን ማኅበር የምንጠጣው ወይዘሮ ጽጌ ናቸው። ሥጋውን አዩ። እኔን አዩ። አው ሙሜ ደጃፍ የተንጠለጠለውን የግመል ጭን አዩ።

“ለውሻ ነው” አልሁ።

“እግዚአብሔር ይፍታህ” አሉኝ፤ ለሙት እንደሚባለው።

ጀጎል ጠባብ ነው፤ ወሬ ደግሞ ከባጃጅ ይፈጥናል። ቤቴ ስደርስ ታሪኩ ሦስት ጊዜ ተወልዶ አድጎ ነበር፤ በመጀመሪያ መምህሩ ጾም ገደፈ፤ ቀጥሎ በግመል ገደፈ፤ በመጨረሻ ሃይማኖቱን ለወጠ። ግመሉ ሊመሰክርልኝ ቀርቶ ዋናው ከሳሼ ሆነ። ባለቤቴ ሙሉ በር ላይ ቆማ፣ “ሐጂ፣ ገባህ?” አለችኝ። የወጣልኝን አዲስ ስም ሳይቀር ሰምታለች።

በጾም ቤቷ ውስጥ የሥጋ ሽታ አይገባምና፣ ከሰል ማንደጃና አንድ አሮጌ ድስት ሰጥታ ወደ ጓሮ አስወጣችኝ። ቀቀልሁ፤ አቀዘቀዝሁ፤ ሆዱ እንዳይታወክ መጀመሪያ ጥቂት በጥቂት ሰጠሁት። ቡላ ቀና ብሎ አየኝ፤ ገና ዛሬ የተዋወቀኝ ይመስል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ የአቶ ተሾመን ደጅ ረገጠ ብል ውሸት ነው። በግንቡ በኩል ደረቁን ምግብ በሳሕን እያንኳኩ ሲጠሩት እሰማለሁ፤ ቡላ የቆመ ጆሮውን እንኳ አያዞርም። ደስ አለኝ። በጾም እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወሬው የነፍስ አባቴ ጆሮ ደርሶ ኖሮ አንድ ማለዳ መጡ። ገና ቁጭ ሳይሉ አቶ ተሾመም ሳይጠሩ ተከትለው ገቡ።

“አባቴ፣ ሥጋውን የሚበላው ውሻው ነው፤ እኔ ምስክር ነኝ” አሉ። ከዚያም ጨመሩ። “የእኔን ምግብ ትቶ ነው የሄደው።”

እንግዲህ ከውርደት ያዳነኝ ያሸነፍሁት ሰው ነው። ይህም አስቀናኝ፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ጥሩ ሰው መሆናቸው።

የነፍስ አባቴ ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። “ውሻ ጾም የለበትም፤ ይብላ” አሉ። “ለራስህ በልተኸው ቢሆን ኖሮ ቀኖናውን አውቀው ነበር፣ ልጄ። ለዚህ ግን ምን ልስጥህ? በሉ፣ ሁለታችሁም ከቅናት ጹሙ።” ከሥጋ መጾም ምንኛ ይቀልላል!

እኔ ግን ከቅናት የምጾም መስዬ በስውር እበላ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አው ሙሜ ስሄድ ቡላ ይከተለኝ ጀመረ፤ በፈላና በር ገብተን፣ ጠባቦቹን መንገዶች አልፈን፣ እስከ ሥጋው ደጃፍ ድረስ። ሽኝቴ ተመለሰ ብዬ ኮራሁ፤ በአቶ ተሾመ በር ፊት ስናልፍ ሆን ብዬ እርምጃዬን ቀዝቀዝ አደርግ ነበር። ፋሲካ መጣ፤ የእኛ ሥጋ ቤቶች ተከፈቱ፤ እኔም በአቅራቢያዬ መግዛት ያዝሁ። ቡላ ግን መንገዱን አልተወም። ያለ እኔ መሄድ ጀመረ።

አንድ ቀን አው ሙሜ ጠርተው፣ “መምህር፣ ስለ አላህ ብለው ውሻዎን ይውሰዱልኝ” አሉኝ። “ከጠዋት እስከ ማታ ዓይን ዓይኔን ያያል። እኔ ሶላት ያለብኝ ሰው ነኝ፤ ምራቁ ልብሴን ቢነካ ሰባት ጊዜ ማጠብ አለብኝ።”

“ይመግቡታል እንዴ?”

“እኔ የምወረውረው ለአሞራ ነው” አሉ፤ ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “አሞራው የሳተውን እሱ ይቀልባል። ማሻአላህ፣ ይዘላል እኮ!” አሉኝ። ፈገግታቸውን በሂናው ጢም ውስጥ አየሁት። አቶ ተሾመ አባብለውታል፤ እኔ ቀቅዬለታለሁ፤ እኚህ ሰው ደግሞ እንዳይጠጋቸው ይከለክሉታል። የመረጠው ከልካዩን ነው። ይህ በሰዎች መካከል ብቻ የሚሆን መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ እኔና አቶ ተሾመ በእኔ ደጅ ድንጋይ ላይ ጐን ለጐን እንቀመጣለን። እሳቸው ደረቁን በሳሕን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ትኩሱን።

“አልመጣም?” ይሉኛል።

“አልመጣም።”

“ግመል ምኑ ይጥማል?” ይላሉ፤ ሁለታችንም ቀምሰነው አናውቅም።

ፀሐይ ስትጠልቅ በፈላና በር በኩል የመጀመሪያው ጅብ ይጮኻል። ያን ጊዜ ቡላ ጅራቱን ቀብሮ እየሮጠ ይመጣል፤ የአቶ ተሾመን በር አልፎ በእኔ በር ይገባል። ፍቅር ይሁን የጅብ ፍርሃት አልመረምርም፤ በዚህ ዕድሜ ማንም ወደ ቤት የሚመለስበትን ምክንያት አይመረምርም። ጥቂት ከደረቁ ይቀምሳል፤ ጥቂት ከትኩሱ፤ ከዚያ አቶ ተሾመ እግር ላይ ይተኛል። ግቢው የእኔ፣ እግሩ የእሳቸው። ሊሸከሙት የሚቻል ነገር ነው።

ጠዋትም እንደ ቀድሞው እስከ ባጃጅ መያዣው አብሮኝ ይወጣል፤ ወደ ኤረር በር የሚወስደው መንገድ በዚያ ነውና። አይቆምም፤ ዞር ብሎም አያየኝም። ያችን ቡላ ጀርባ ይዞ፣ የቆመውን ጆሮ አስቀድሞ፣ ከማዶ ወዳለው የመድኃኒት ቤት ጥግ ይወርዳል።

“ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ እንሂድ” ይለኛል ባለ ባጃጁ።

“ትንሽ ቆይ” እለዋለሁ። “እስኪታጠፍ።”