አህያው ያዋጣው ሥጋ

ተረት ሲያልቅ የእኛ ሰው የሚጠይቀው ዳቦ ነው። "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ይላል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የጥንት ግሪኮችን የእንስሳት ተረት በድሮ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ያመጡት ሰዎች ግን በዳቦ የሚሸነገሉ አልነበሩም፤ ንስሐ ካልገባችሁ አይለቋችሁም። ግማሽ ገጽ የማትሞላ የቀበሮ ታሪክ ይነግሯችሁና ሁለት ገጽ ምክር ጅራቷ ላይ ያስሩባታል። ምክሩም እንደ ተርጓሚው ጌታ ነው። ንጉሡን የወደደ አንበሳውን ሲያሞግስ፣ ንጉሡን የጠላ ያንኑ አንበሳ ሲረግም ታገኙታላችሁ። ቀበሮዋ ምስኪን ምኑንም አታውቅም።

ይህን ያወቅሁት ከጋሽ ሁሴን ነው። ጋሽ ሁሴን የሁሩታ ሰው ናቸው፤ አሰላ ላይ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩን ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ከእነዚያ አሮጌ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች አንዱን ወደ አማርኛ ይመልሱ ጀመር። ዐይናቸውን ሞራ እየጋረደው ስለሆነ ጭንቀታቸው አንድ ብቻ ነበር። "ታትሞ በገዛ ዐይኔ ሳላነበው እንዳይጨልምብኝ" ይሉኛል። የሚያሳትመው ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ከእሳቸው በፊት ባልደረባቸው መምህር ታደሰ የአርሲን ተረትና ምሳሌ ሰብስበው እዚያው አስገብተው ነበር። ኃላፊው "ይህችን ይህችን ያስተካክሉ" ቢሏቸው፣ "ተረት በመመሪያ አይታረምም" ብለው ግግም አሉ። እሳቸው ተስፋ ቆርጠው ሮቤ ገቡ፤ መጽሐፋቸው ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

የጋሽ ሁሴንን እጅ ይዤ ቢሮ የገባሁ ዕለት፣ ኃላፊው አንዷ ተረት ላይ ጣታቸውን ተክለው ጠበቁን። አንበሳ፣ አህያና ቀበሮ አብረው ያድናሉ። (አህያ ሥጋ ምን ያደርግለታል አትበሉኝ፤ ግሪኮቹን ጠይቁ።) አህያው ሦስት ቦታ እኩል ቢያካፍል፣ አንበሳው ተናዶ እሱኑ በላው። ቀበሮዋ ተራዋ ሲደርስ ሁሉንም ለአንበሳው ከመረችለት። "እንዲህ ማካፈል ማን አስተማረሽ?" ቢላት፣ "አህያው" አለች።

"መምህር፣ ይህ አንበሳ ማን ነው?" አሉ ኃላፊው።

"አንበሳ ነው።"

"እሱማ ነው። ማንን ለማለት ነው? ደግሞ አህያው መበላት የለበትም፤ አንባቢ ቅር ይለዋል።"

አሁን ቱግ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ጋሽ ሁሴን እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ቢስሚላህ ብለው፣ መነጽራቸው ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሰው እዚያው አረሙት። በአዲሱ ተረት አህያው ድርሻውን በገዛ ፈቃዱ፣ እየሳቀ ለአንበሳው አዋጣ። ይህም አልበቃቸውም፤ እንደ እንግሊዞቹ ከሥር ምክር አሰሩበት፦ "መዋጮ ጫካን ያለማል።" እኔ እርር አልኩ። ስንት ዘመን የፈራናቸው መምህር እኮ ናቸው።

የኃላፊው ፊት በራ። ማኅተም ሊያወጡ መሳቢያውን ሲስቡ፣ የመምህር ታደሰ መጽሐፍ አቧራ ለብሶ ከሥር ተኝቷል።

"ግሩም እርማት ነው" አሉ ማኅተሙን እየመቱ። "እንዲህ ማረም ማን አስተማረዎ?"

ጋሽ ሁሴን በዚያ በደከመ ዐይናቸው የተከፈተውን መሳቢያ አዩት።

"መምህር ታደሰ" አሉ።

"እሳቸውም ተስተካከሉ?" አሉ ኃላፊው ደስ ብሏቸው፤ መሳቢያውን ዘጉት።