ለድልድዩ ወንዝ ስለማቅረብ

ድልድዩ የተሠራው ወንዝ በሌለበት ቦታ ነው። ወንዙ ከዚያ አርባ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ማንንም ሳያማክር፣ ድሮ በሚሄድበት ይሄዳል።

ከዚህች ትንሽ ጉድለት በቀር ሥራው እንከን የለሽ ነው። ከወለቃ አለፍ ብሎ፣ አያ አላምረው የሚያርሱት የጤፍ ማሳ መሃል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ብረቱ ልኩን የጠበቀ፣ ሲሚንቶው በላቦራቶሪ የተመሰከረለት፣ መደገፊያው ቢጫና ጥቁር የተቀባ ነው። በላዩ የሚያልፍ መንገደኛ አንዲት ጠብታ ውኃ አትነካውም። ድልድይ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

አዲሷ ተቆጣጣሪ ሐመልማል ግን ደስታዋን መግለጽ አቃታት። ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው የርክክቡን ሰነድ እንድትፈርም ስብሰባ ተጠራች። ከፈረመች ተቋራጩ ማሽኑን ጭኖ ይሄዳል፤ ሌላ ድልድይ የሚባል ነገርም አይነሳም። የአያ አላምረው ቤት ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። ምራታቸው የትነበርሽ የምትወልደው ሐምሌ ላይ ነው፤ ወንዙም የሚሞላው ሐምሌ ላይ ነው። አምና በዚያው ወር ምጥ የያዛት ጎረቤታቸው ውኃው እስኪጎድል ሁለት ቀን ቃሬዛ ላይ ተኝታ ጠብቃለች። ይህ ግን በአጀንዳው አልተያዘም።

ስብሰባውን የመሩት የወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ጌትነት ናቸው።

«የዛሬው አጀንዳችን የሥራ ድርሻና ኃላፊነት ነው» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «እያንዳንዱ ድርሻውን ተወጥቷል ወይ? እንስማ።»

መጀመሪያ የተነሣው የተቋራጩ የግንባታ ሥራ አስኪያጅ ማንያዘዋል ነው። ማንያዘዋል አምስት ፕሮጀክት ፒያሳ ቁጭ ብሎ በስልክ የሚመራ፣ ጫማው ጭቃ የማያውቅ ብርቱ ሰው ነው።

«እኔ ችካል ባለበት አስቆፍሬያለሁ። ችካል መትከል የቀያሹ ድርሻ ነው።»

ቀያሹ ወደ አዲ አርቃይ ከተዛወረ መንፈቅ አልፎታል።

ቀጥሎ ከሐመልማል በፊት ተቆጣጣሪ የነበረው ወንዴ አንድ ቅጽ ከፍ አድርጎ አሳየ። «እኔ በቅጹ መሠረት ተቆጣጥሬያለሁ።»

እውነቱን ነው። ቅጹ አርባ ስድስት ጥያቄ አለው። አሸዋው ታጥቧል ወይ? ሠራተኛው የራስ ቁር አድርጓል ወይ? የፕሮጀክቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ተተክሏል ወይ? አርባ ስድስቱም ላይ ራይት አለ። ወንዝ አለ ወይ የሚል ጥያቄ ግን የለም።

«ዓይንህስ?» አለችው ሐመልማል።

«ዓይን ቅጹ ላይ የለም።»

ሁለቱም ድርሻቸውን ስለተወጡ ጥፋተኛ ሊሆኑ የሚችሉት አያ አላምረው ብቻ ሆኑ። ጠረጴዛው ላይ አራት ችካሎች፣ አናታቸው ቀይ የተቀባ፣ ጭቃቸው ሳይራገፍ በኤግዚቢትነት ተደርድረዋል።

«እነዚህን የነቀሉት እርስዎ ነዎት?» አሉ አቶ ጌትነት፣ ለስብሰባው ተጠርተው የመጡትን አያ አላምረውን።

«አዎን ጌታው። ወንዙ ዳር ተተክለው ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ ያያቸው ሰው ጠፋ። ሸጋ እንጨት ነው። ነቅዬ ማሳዬ ላይ ተከልሁና ጥጆቼን አሰርሁባቸው።»

«ሊቆፍሩ ሲመጡስ ምነው ዝም አሉ?»

«ምነው ዝም ልበል! ወንዙ እታች ነው እያልሁ ጮህሁ። ‹አባቴ፣ በባለሙያ ሥራ አይግቡ› አሉኝ። ጥጆቼን ፈትቼ ሄድሁ።»

«በጽሑፍ አሳውቀዋል?»

«ጽሑፍ አልችልም።»

«በጽሑፍ አለማሳወቃቸው ይመዝገብ» አሉ አቶ ጌትነት፤ ቃለ ጉባኤ ያዡም መዘገበ።

ከዚያ በኋላ ጥልቅ ውይይት ተካሂዶ በታላቅ ብስለት የሚከተለው ተወሰነ፦ ድልድዩ ከቦታው የማይነቃነቅ መሆኑ፣ ወንዙ ግን ተንቀሳቃሽ መሆኑ በባለሙያ ስለተረጋገጠ፣ ወንዙ ወደ ድልድዩ እንዲቀርብ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጻፍ።

«ውኃ ዳገት ይወጣል እንዴ?» አሉ አያ አላምረው።

«እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ድርሻ ነው።» አቶ ጌትነት ሰነዱንና እስክሪብቶውን ወደ ሐመልማል ገፋ አደረጉ። «ያንቺ ድርሻ ደግሞ ፊርማ ነው፣ ልጄ። ከከበደሽ ዛሪማ ክፍት የሥራ ቦታ አለ። ሙቀቱን ትችይዋለሽ?»

«ቆላ ነው ያደግሁት» አለች።

እስክሪብቶውን መልሳ ሰነዱ ላይ አስቀመጠችው። ተነሥታም አራቱን ችካሎች ሰብስባ በብብቷ ያዘች። ጭቃው ጠረጴዛው ላይና የአቶ ጌትነት ወረቀቶች ላይ ተራገፈ።

«ኤግዚቢት ነው እኮ!» አለ ወንዴ።

«ወዴት ነው?» አለ ማንያዘዋል።

«ወንዙ ዳር ልተክላቸው። ችካል ካየህ ታስቆፍር የለ?» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አያ፣ ቦታውን ያሳዩኛል? ጥጆቹን ግን አደራ።»

«ቤት አስሬያቸዋለሁ» ብለው አያ አላምረው ጋቢያቸውን አጣፍተው ቀደሟት።

አቶ ጌትነት ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ጎንበስ አሉ። «ጻፍ። ተቆጣጣሪዋ የሥራ ኃላፊነቷን ጥላ ወጣች።»

እሱ «ኃላፊነቷን» የሚለውን ጽፎ ሳይጨርስ፣ ሐመልማል ችካሎቿን ታቅፋ ወጣችና በሩን በእግሯ ዘጋችው።