ኮሰረት የሸተተው ኢንጄክተር

እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በሉ። የዛሬው ጉዴ ቆሞ የሚነበብ አይደለም!

አዎ፣ እኔው ነኝ። ኔትወርክ የተመለሰ ዕለት «ወገን፣ በሕይወት አለሁ፣ ጋራዡም አለ» ብዬ የለጠፍኩት የመርሳው መካኒካችሁ። በዚሁ ፔጅ «ኢንጄክተር ሳታጸዱ አትግጠሙ!» እያልኩ ጆሯችሁን ያደነቆርኩት።

ያንን ፖስት ሼር ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ በናታችሁ አጥፉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ወደኛ ሲቀርብ መኪና ያለው ሁሉ ጨነቀው። ታጣቂ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁልፍ ነዋ! እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ። አራቱንም ኢንጄክተር ነቅዬ አወጣኋቸው።

ለማታውቁት፣ ኢንጄክተር ቤንዚኑን አድቅቃ ወደ ሞተሩ የምትረጭ የጣት ያህል ዕቃ ናት። እሷ ከሌለች መኪናው ቆርቆሮ ነው።

ከዚያ ለጎረቤቴ ለእማማ ዘሃራ «አማና! አደራዎን!» ብዬ ሰጥቼ፣ በእግሬ ወደ ውርጌሳ ነካሁት። እሳቸው ጉልበታቸው አላስኬድ ብሏቸው ቀሩ። ቤታቸው ተፈተሸ። ማሽላቸው ሄደ። ፍየላቸውም ሄደች። የኔን አማና ግን ማንም አላገኛት።

ነገሩ አልፎ ተመለስኩ፤ ዛሬ ጠዋት እማማ ኢንጄክተሮቹን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ። ሲያብረቀርቁ ብታዩ! እንባዬ መጣ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ወልድያ ያለችው ልጄ ወልዳለች አሉ። ይሄ ጦርነት ከመጣ አይኗን አላየሁም» አሉኝ።

«የመጀመሪያዋ መንገድ የእርስዎ ናት!» አልኳቸው። በጥድፊያ ገጠምኩ።

አዎ፣ ሳላጸዳ። ዝም በሉ።

ማደያው ደረቅ ስለሆነ ቤንዚኑን ከሰይድ ቀዳሁ። ሰይድ መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ፣ የእማማ ዘሃራ የገዛ ልጅ ነው።

ከመርሳ እንደወጣን መኪናዋ ማነከስ ጀመረች። ስሪንቃ ሳንደርስ ቀጥ!

ኮፈኑን ከፈትኩ። ስቀሰቅሳት እየተንቀጠቀጠች ትነሳለች። የኢንጄክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ እየነቀልኩ አዳመጥኩ። ደህነኛው ሲነቀል ሞተሩ ይንገዳገዳል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሲነቀሉ ግን ምንም አልመሰለው። ተደፍነዋል ማለት ነው።

ማን ደፈናቸው? ሰይድ ነዋ! ውሃ ቀላቅሎ ሸጦልኛል! ደሜ ፈላ።

እናትየው ጋቢና ተቀምጠው እየሰሙ፣ «ሌባ! በሰው መከራ የሚነግድ ሌባ! ማርያምን፣ መርሳ ስመለስ ጀሪካኑን አንገቱ ላይ ነው የማጠልቅለት!» እያልኩ አገር ይያዝ አልኩ። ሰው ተሰበሰበ። አንድ ባለባጃጅ ቆመና «አንተ ያ የፌስቡኩ መካኒክ አይደለህ? ላይክ አድርጌህ ነበር፣ ላንሳው እንዴ?» አለኝ።

እማማ ዘሃራ ቀስ ብለው «ወላሂ፣ ሰይዴ ሐራም አይነካም» አሉ።

«እርስዎ ዝም ይበሉ! ልጅዎን አያውቁትም!» አልኳቸው።

አልኳቸው! እኚህን ሴትዮ!

ሰይድን ላጋልጠው ቤንዚኑን በውሃ ፕላስቲክ ቀድቼ፣ ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረግኩት። ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል። ሁላችንም አፈጠጥን።

ጥርት ያለ! ጠብታ ውሃ የለበትም!

በንዴት ከተደፈኑት አንዷን ኢንጄክተር ነቅዬ አሸተትኳት።

ኮሰረት።

ደግሜ አሸተትኩ። ኮሰረት! ኮረሪማም አለበት!

«እማማ፣ ምንድነው ይሄ?»

ፊታቸው በራ። «ቅቤ ነዋ፣ ልጄ! ብረት ዝም ካሉት ይዝጋል። በየጁምዓው እያወጣሁ በንጥር ቅቤ አሸሁልህ። ቀዳዳዋንም አልተውኩ፣ በስንጥር አድርጌ አጠገብኳት። አማና አይደል?»

ቀዳዳዋንም!

ባለባጃጁ ከሳቁ ብዛት አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለ። እኔ በማን ልናደድ? በማን? ሰው ደህና አድርጎ መናደድ እንኳ አይችልም በዚህ አገር!

«ሌባ» ባልኩት ልጅ ቤንዚን አጠብኳቸው። ከባትሪው በሁለት ሽቦ ኤሌክትሪክ እየሰጠሁ፣ ቀዳዳቸውን እያስከፈትኩ በአፌ ነፋኋቸው። ቅቤ በቤንዚን ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? አትቅመሱ። አራቱም ሠሩ።

እስከ ወልድያ መንገዱን ብቻ እያየሁ ነዳሁ። የሚያጽናኑት ደግሞ እሳቸው! «አብሽር፣ ልጄ። መከራው ነው ሰውን ቁጡ ያደረገው» ይሉኛል። ምናለ ቢሰድቡኝ?

ደረስን። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሕፃኗን ታቀፏት። ከዚያ ገንፎ ቀረበ። የአራስ ገንፎ ታውቃላችሁ፤ መሃሉ ይጎደጉድና ቅቤ ይሞላል።

የተሞላው ዘይት ነበር።

«እማ፣ ለአራስነቴ ያስቀመጥሻት ቅቤስ? እነሱ ወሰዷት?» አለች ልጅቷ።

እማማ ዘሃራ ወደኔ ዞር እንኳ አላሉም። «አይ፣ እነሱስ አላገኟትም። ለአማና ወጣች፣ አልሃምዱሊላህ» አሉና፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ቆርሰው ለኔ ዘረጉልኝ።

ጎረስኩ። ምን ላድርግ? አፍሬ አልቀበልም ብል ሌላ ጥፋት ነው።

ይኸው አሁን መርሳ ተመልሻለሁ። ቤንዚኔ አልቆ፣ መኪናዋ ከሰይድ ጀሪካን ፊት ለፊት ቆማለች። ባለባጃጁ ቀድሞኝ ደርሶ ሁሉንም ነግሮታል። ሰይድ ያየኛል። እኔ ስልኬን አያለሁ።

እናንተ ልባሞች፣ እስቲ ንገሩኝ። በአደባባይ ሌባ ያሉትን ሰው «ቅዳልኝ» የሚባለው በምን አፍ ነው? ቅቤ በሸተተው በዚሁ አፌ?