ኮምፖስቴን ለዲኑ ያሳየሁ ዕለት

ዛሬ ግቢ ውስጥ አንዲት ልጅ በሰው ፊት በሐፍረት አፈር ስትበላ ያያችሁ ካላችሁ፣ እኔ ነኝ። ቪዲዮ የቀረጻችሁ እባካችሁ አጥፉልኝ።

ለማታውቁኝ፦ አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስተኛ ዓመት፣ የሴቶች ዶርም የአካባቢ ክበብ ሰብሳቢ። አዎ፣ ያቺ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲወስዳችሁ በር እያንኳኳች "የሙዝ ልጣጭ አረንጓዴው ባልዲ፣ ፕላስቲክ ሰማያዊው" የምትላችሁ።

ወር ሙሉ ለፋን። አራት ሆነን ፎቅ ለፎቅ ዞርን። ፕላስቲኩን ቆራሌው እየመጣ ይወስዳል፤ በሱ በኩል ሰላም ነው። የምግብ ትራፊውን አበስብሶ ኮምፖስት፣ ማለትም ለም አፈር ማድረግ ግን የኔ ፕሮጀክት ነበር።

የኔ ብቻ!

ከዶርሙ ጀርባ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ሸተተ ተብሎ ሥራው እንዳይዘጋብን ፈርቼ ትራፊውን በስሱ ዘርግቼ ቆርቆሮ ደፋሁበት። ሽታ የለ፣ ዝንብ የለ። በየቀኑ "ፐርፌክት" እያልኩ እመለሳለሁ።

የዶርማችን ጽዳት ሠራተኛ እትዬ ጫልቱ የወለንጪቲ ገበሬ ልጅ ናቸው። አንድ ቀን መጥረጊያቸውን ተደግፈው አዩኝና፣ ውሃ ካልጠጣ፣ ደረቅ ቅጠልና አፈር ካልተቀላቀለበት አይበሰብስም አሉኝ።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ስልኬን አውጥቼ ስለ ኮምፖስት ያዘጋጀሁትን ስላይድ አሳየኋቸው። ሃያ ገጽ! ቆመው እስከ መጨረሻው አዩልኝ። አመሰገኑኝም።

(ሼሙ ገና ነው፣ ታገሱኝ።)

ዛሬ የተማሪዎች ዲኑ መጡ። ሥራው በሁሉም ዶርም ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው የዶርም ተቆጣጣሪዎቹ ፕሮክተሮች፣ ከፕሮክተሮቹ ኋላ ግማሽ ግቢ። እኔ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ስለ ጥቁር ለም አፈር ንግግር አድርጌ፣ ቆርቆሮውን ብድግ!

ድርቆሽ።

እውነቴን ነው። የወር እንጀራ በአዳማ ፀሐይ፣ በጋለ ቆርቆሮ ሥር፣ ኩርሽም ኩርሽም የሚል ድርቆሽ ሆኖ ተኝቷል። ዲኑ አንዱን አንስተው ሰበሩት። ቀጭ አለ። ከኋላ አንዷ በርበሬ ብቻ ነው የቀረው ስትል ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

እንባዬ መጣ። ለራሴ አይደለም፤ እነዚያ ሦስት ልጆች ስንት ደረጃ ወጥተው ወርደዋል። ልፋታቸው በኔ ድርቆሽ ሊቀር ነው።

ዲኑ ወረቀታቸውን ማጠፍ ሲጀምሩ እትዬ ጫልቱ ሰው እየገፉ መጡ። በእጃቸው ባልዲ። ባልዲው ውስጥ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ዝናብ ዝናብ የሚሸት አፈር። ከኛው ትራፊ እየወሰዱ ከውሃ ሮቶው ጀርባ ሲያብላሉት ኖረዋል ለካ!

"ይሄም የሷ ነው" አሏቸው ለዲኑ። "ያኛውን ያደረቀችው ውሃ ካላገኘ እንዲህ እንደሚሆን ልታሳይዎት ብላ ነው።"

ዲኑ ወደኔ ዞረው ይሄንን እንዴት እንደሠራሁት ጠየቁኝ።

አስቡት፣ ማምለጫው ተከፍቶልኛል። አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቀባጥር አልፋለሁ። እትዬ ጫልቱን ሳያቸው አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያያሉ። ውሸት የለመዱ ሰው አይደሉም፤ ለኔ ብለው ነው።

"የኔ አይደለም" አልኩ። "የእትዬ ጫልቱ ነው። ነግረውኝ ነበር፣ አልሰማኋቸውም።"

ያቺ የበርበሬዋ ልጅ እንኳን ባልዲውን ለማየት ተጠጋች።

ዲኑ እጃቸውን ባልዲው ውስጥ ከተው አፈሩን ጨበጥ አደረጉት። ከዚያ ሥራው እንደሚቀጥል፣ በሁሉም ዶርም አሠልጣኟ እትዬ ጫልቱ እንደሚሆኑ፣ ይሄም እንደ ሥራ ሰዓት እንደሚቆጠርላቸው ተናገሩ። እኔስ? ብዬ ሳልጨርስ፣ አንቺ ታግዣቸዋለሽ አሉኝ።

ሰው ሲበተን ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ጥፍርሽን ቁረጪና ነገ በጠዋት ነይ።"

ጥፍሬን እኮ ትናንት ነው ያሠራሁት! ለዲኑ ብዬ!

ይኸው አሁን የጥፍር መቁረጫ ይዤ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። አምስቱን ጨርሻለሁ፣ አምስት ይቀረኛል። እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፦ የሚያውቅን ሰው አቁሜ ያስተማርኩ እኔ ብቻ ነኝ?