ኤዶምን ሆኪ ላሳይ ሄጄ

ልጅ ዝም ሲል ያስፈራል አይደል? የሚጮኸውስ ግድ የለም፣ የፈለገውን ታውቁታላችሁ። ከትምህርት ቤት ወጥቶ፣ መኪና ውስጥ ገብቶ፣ ቀበቶውን እስካስርለት ድረስ ጭጭ ያለ ልጅ ግን የሆነ ነገር ይዟል ማለት ነው።

ልጄ ኤዶም አምስት ዓመቷ ነው፤ ኪንደርጋርተን ናት። አንድ ቀን እንዲሁ ዝም ብላ መጣችና፣ ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ጠብቃ፣ "ዳዲ፣ እኛ ለምን ሆኪ አንሄድም?" አለችኝ። ነገሩን ሳጣራ፣ አስተማሪያቸው "የሆኪ ተጫዋች ሳሉ" ብላቸዋለች። የክፍሉ ልጅ ሁሉ አይቷል፣ ያየውን ሣለ። የኔዋ አላየችም። ስለዚህ ቁምጣ የለበሰ ሰውዬ ሣር ላይ አቁማ መጥረጊያ አስያዘችው። ልጆቹ ሳቁባት። ሥዕሉን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃው ነበር።

እስቲ አሁን እኔ ምን ልበል? ያደግኩት አዳማ ነው። በረዶ የማውቀው ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። በረዶ ላይ ቆሞ መሄድ፣ እሱም ሳይበቃ ዱላ ይዞ መሯሯጥ፣ ለኔ የጤነኛ ሰው ሥራ አይመስለኝም። ደግሞ የት? ላስ ቬጋስ! የመኪና መሪ እጅ በሚያቃጥልበት አገር፣ ሰዉ ሁሉ ማሊያ ለብሶ በበረዶ ጨዋታ አብዷል። እኔ በምሠራበት ሆቴል ሻንጣ ስሸከም እንግዳው ስለ ሆኪ ያወራኛል። "የስ፣ የስ፣ ጉድ ቲም" እላለሁ። ቲፕ ነገር አለበታ።

ሰው ሲጨነቅ ያስታውቅበታል መሰለኝ፣ ሱፐርቫይዘሬ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። በማግስቱ ሦስት ትኬት ይዞልኝ መጣ። የሱ ቤተሰብ ቅዳሜ አይመቸውም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሦስት ሰው፣ ሜዳውን ከከበበው መስታወት ትንሽ ከፍ ብሎ።

ባለቤቴ ትዕግስት ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ናት፤ ቅዳሜን ሺፍት የሚቀይራት ጠፋ። ሦስተኛዋ ትኬት ለማን ትሁን? ለአማቴ።

አማቴን ላስተዋውቃችሁ። እማማ ዘነቡ ይባላሉ። የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከደብረ ብርሃን መጥተው እኛ ጋ፣ ፓራዳይዝ የሚባለው ሰፈር ያለችው አፓርታማችን ውስጥ ከርመዋል። በአገራቸው አስታራቂ ናቸው። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ወንድማማች በአጥር ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ይቅር ሳያባባሉ ተነስተው አያውቁም። ሰው ሲጣላ እያዩ ማለፍማ አይሆንላቸውም።

ልንወጣ ስንል ጋቢያቸውን ደረቡ። ውጪው እንደ ምድጃ ነው።

"እማማ፣ ይሞቅዎታል እኮ" አልኳቸው።

"በረዶ ላይ ነው አላልክም?"

"አዎ፣ ግን..."

"ታዲያ?" ብለው ቀድመውኝ ወጡ።

እኔ በቲሸርት ሄድኩ። ገብተን በተቀመጥን በሩብ ሰዓቱ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። እሳቸው አንዴ አዩኝ። ጋቢያቸውን ጠበቅ አደረጉ። ሰው ምንም ሳይል "ነግሬህ ነበር" ማለት እንደሚችል ያን ቀን ገባኝ።

ኤዶም መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር። በረዶውን አየች፣ "ዳዲ፣ ፍሪጅ ውስጥ ገባን!" አለች። ከዚያ መብራት ጠፋ። ከበሮ ተመታ፣ እሳት ተተኮሰ፣ ሰዉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ጎል ገባና መለከታቸው ተነፋ። መለከት አልኩት እንጂ መርከብ ነው የሚመስለው። የኔም ልብ ቆመ።

ዞር ስል ኤዶም ወንበሯ ላይ የለችም። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ወንበሩ ሥር ገብታ በሁለት እጇ ጆሮዋን ይዛለች።

"ዳዲ፣ ቤት" አለችኝ።

ያልሞከርኩት የለም። ፈንዲሻ ገዛሁ፣ ዞር ብላ አላየችውም። የአገሩን ቡድን ባርኔጣ ገዛሁ፣ ፊቷን ሸፈነችበት። "ሰኞ ለልጆቹ አየሁ ትያቸዋለሽ" ስላት ጭራሽ አለቀሰች። ለማን ብዬ ነው ያመጣኋት? ልጄ እንዳታፍር ብዬ አምጥቼ አሁን ደግሞ ፈርታ የሄደችበትን ልትደብቅ ነው። ይቅር፣ እንሂድ አልኩና ላወጣት እጄን ስዘረጋ፣ ከፊታችን ያለው መስታወት ድው! አለ።

ቀና ብል፣ ሁለት ቁመታቸው በር የሚያህል ጎረምሶች ማሊያ ለማሊያ ተያይዘዋል። ዱላቸውን ጥለዋል፣ ጓንታቸውን ጥለዋል፣ በቡጢ ይጠዛጠዛሉ። ዳኞቹ አጠገባቸው ቆመው ያያሉ። ሰዉ ሁሉ ብድግ ብሎ ይጮኻል፤ በደስታ!

እማማ ዘነቡም ብድግ አሉ።

"ገላግሏቸው!" አሉ በዚያ አገር በሚያዳርስ ድምፃቸው። "ኧረ በመድኃኔዓለም! አንተ ባለ ፊሽካ፣ ቆመህ ታያለህ እንዴ? እናት የላቸውም እነዚህ?"

ከጎናቸው ፊቱን ቀለም የተቀባ አንድ ግዙፍ ፈረንጅ አለ። የሚደግፉ መሰለው። "ዮ፣ ግራንማ!" ብሎ መዳፉን ዘረጋላቸው። እሳቸው የሚያግዛቸው ሰው ያገኙ መሰላቸው። እጁን ግጥም አድርገው ይዘው፣ "ና፣ አብረን እንውረድ፣ እናስታርቃቸው!" ብለው ወደ ደረጃው ይጎትቱት ጀመር። እኔ ጋቢያቸውን ይዤ ወደ ኋላ፣ እሳቸው ፈረንጁን ይዘው ወደ ፊት። ጨዋታውን ትተው እኛን የሚያዩ ሰዎች ነበሩ።

በመጨረሻ ዳኞቹ ለያዩዋቸው። አንደኛው አፉ ደምቷል። እማማ ዘነቡ ቁጭ አሉና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

"የሰው ልጅ እንዲህ ሲሆን ይጨበጨባል?" አሉኝ።

መልሱ ከወንበር ሥር መጣ። በመጀመሪያ ባርኔጣው ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ኤዶም። የአያቷን ጉልበት ነካ አደረገች። የልጄ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም።

"እማማ፣ አታልቅስ" አለቻቸው። "አልሞቱም። ታይም አውት ነው።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"እያት፣ እዚያ!" የተደባደቡት ጎረምሶች በመስታወት የተከለለች ክፍል ውስጥ ለየብቻ ተቀምጠው ውኃ ይጠጣሉ። "የኛ ክፍል ልጅ ሲነክስ ቴቸር ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። ቁጭ ይላል። ከዚያ ይወጣል፣ ይጫወታል።"

"ሽማግሌ ሳይገባ?"

"አዎ።"

"ቂምስ?"

"ቂም ምንድን ነው?" አለች ኤዶም።

እማማ ዘነቡ ሊያስረዷት አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዘጉት። "ተዪው፣ የማይረባ ነገር ነው" ብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት።

ከዚያ ወዲያ ሆኪውን ያየነው በኤዶም አስተርጓሚነት ነው። ማን እንዳጠፋ፣ ማን እንደሚባረር፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቀመጥ፣ የማታውቀውን ራሷ እየፈጠረች ለአያቷ ታስረዳለች። ፈረንጁ ከጎን ሆኖ ለሷ ይነግራታል። በዱላ ላደናቀፈ ሁለት ደቂቃ፣ ለተደባደበ አምስት። እማማ ዘነቡ "ተገቢ ነው" ይላሉ በየመሃሉ። አንዴ እንዲያውም አንዱ ሌላውን ከኋላ ሲገፋው ከዳኛው ቀድመው ጣታቸውን ወደ መስታወቷ ክፍል ቀሰሩ።

ሁለተኛው ጎል ሲገባ ያ መለከት እንደገና ጮኸ። ልጄን ለመያዝ እጄን ሰደድኩ። እሷ ግን ዞራ፣ በትናንሽ እጆቿ የአያቷን ጆሮ ደፍናለች። የራሷን ረስታዋለች። እኔ እዚያች ጋ ትንሽ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ። ብርዱ ይሆናል።

ማን አሸነፈ ብትሉኝ አላውቅም። ስንወጣ ሰዉ ፊቱ ጨፍገግ ብሎ ነበር፤ የኛዎቹ ሳይሸነፉ አይቀሩም። እኛ ሦስታችን በአንድ ጋቢ ሥር እየሳቅን ወጣን። አዎ፣ ሦስታችን። ቲሸርቴ አላዋጣኝም።

ሰኞ ኤዶም ማንም ሳያዛት ሆኪ ሣለች። ተጫዋቾቹ ጥግ ላይ ነጥብ ነጥብ ያክላሉ። መሃል ላይ ነጭ በነጭ የለበሰች ግዙፍ ፍጡር ክንዷን ዘርግታ ቆማለች። አስተማሪዋ ልወስዳት ስሄድ ለብቻዬ ጠርታኝ፣ ኤዶም ቤት ውስጥ መንፈስ እያየች እንደሆነ በጥንቃቄ ጠየቀችኝ። "የለም፣ አማቴ ናቸው" አልኳት። ልጆቹ ግን አልሳቁባትም። የማን አያት ሆኪ ሜዳ ሊገላግል ተነስቶ ያውቃል?

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

በሳምንቱ እኔና ትዕግስት በኤሲ ተጋጨን። እሷ ከሥራ በሙቀት ነድዳ መጥታ ቤቱን አቀዘቀዘችው። እኔ ከሆኪው ወዲህ ብርድ አልወድም፣ ከፍ አደረግኩት። ዝቅ አደረገችው። ቃል ተወራወርን፣ የኔ ድምፅ ጎላ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እማማ ዘነቡ አስቀምጠውን፣ ከሠርጋችን ቀን ጀምረው እየጠየቁ ራት ሳንበላ ያመሹን ነበር።

ያን ቀን ግን አንዴ አጨበጨቡና ወደ ባልኮኒው ጠቆሙኝ።

"አንተ ነህ የጮህከው። ሁለት ደቂቃ!"

የሚቀልዱ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አልቀለዱም። ኤዶም የመስታወቱን በር ከፈተችልኝ፣ ወጣሁ፣ ከኋላዬ ዘጋችው። ከውስጥ ሆና ጣቷን እያጠፈች ትቆጥራለች።

ፕላስቲኳ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ፀሐይዋ ተራራው ላይ ዘንበል ብላለች። አውሮፕላኖች ተሰልፈው ያርፋሉ። "ዳዲ" የሚል የለም፣ "ሻንጣዬን" የሚል የለም፣ "ኤሲውን" የሚል የለም። እግሬን አጥሩ ላይ ሰቀልኩ። እንዲህ ያለ ዕረፍት ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ዓይኔን ሳልከድን በሩ ተከፈተ። "አለቀ! ና!" አለች ኤዶም።

ገባሁ። ትዕግስት ፈገግ አለችልኝ፣ ታርቀናል። ራት ቀርቧል። እማማ ዘነቡ ራሳቸው የሠሩት ዶሮ ወጥ ነው፤ እንደ እሱ ያለ ወጥ በልቼ አላውቅም። አንድ ጉርሻ ጎረስኩ። በመስታወቱ በኩል ወንበሯን አየኋት። ባዶዋን ቆማለች።

"እማማ" አልኳቸው በትሕትና፣ "ዛሬ ወጡ ጨው አነሰው መሰለኝ።"

ቀና ብለው አዩኝ።

"አምስት!"