ሶፋ ውስጥ ያደረ ግብር

ፖስታ የማይከፍት ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። "በእኛ ቤት የለም" የምትሉ ካላችሁ ራሳችሁን ጠርጥሩ። ይህ ሰው ሌባ አይደለም። ሰነፍም አይደለም፤ እንዲያውም ለሰው ሥራ እንቅልፍ የሚያጣ ነው። የሚያቅተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንግሥት ስሙን ጽፎ የላከለትን ወረቀት ቀዶ ማንበብ። ፖስታውን ይቀበላል፣ ያመጣለትን ሰው ያመሰግናል፣ ወደ ብርሃን አንስቶ ያገላብጠዋል፣ ከዚያ "ሰኞ አየዋለሁ" ብሎ ከቀደሙት ፖስታዎች አጠገብ ያስተኛዋል።

የእኛ ቤቱ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። ሙያቸው ሶፋ መሥራት ነው። ቤተሰቡ ተማክሮ "ሊቀ ቀጠሮ" የሚል ማዕረግ ስለሰጣቸው እኔም በጽሑፍ ሳነሳቸው ክብራቸውን አልነፍጋቸውም። ፊት ለፊት ግን "ጋሼ" ነው የምላቸው። እሳቸውም "እታለም" ይሉኛል፣ በተለይ ጥፋት ሲኖርባቸው።

ክቡር ሊቀ ቀጠሮ ግብር ሳያሳውቁ የቀሩት በክፋት አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት ሄደው ተሰልፈዋል። ሰልፉ ሲረዝም አንድ ደንበኛ "እንግዳ ሊመጣብኝ ነው፣ ሶፋዬን!" ብሎ ደወለባቸው፤ ነገ እመለሳለሁ ብለው ወጡ። በነጋው ሌላ ሶፋ መጣ፣ ቀኑም አለፈ። በዓመቱ ደግሞ "የዘንድሮውን ይዤ ብሄድ አምና የት ነበርክ ይሉኛል" ብለው ቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት የሚጠየቁት ስለ ሁለት ዓመት ሆነ። ነገሩ እንዲህ እየተደራረበ ሲሄድ ማሳፈሩ ቀርቶ ማስፈራት ጀመረ።

እኔ ጉዳዩን ባነሳሁ ቁጥር ምሳሌያዊ አነጋገር ይመዙብኛል። "እታለም፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።" ጠንከር ስልባቸው ደግሞ "እሱ እዳው ገብስ ነው! ሰኞ እንጨርሰዋለን" ይላሉ። ሬዲዮው ስለ ግብር ማስታወቂያ ሲጀምር ባትሪው ደክሟል ብለው ይዘጉታል። አንድ ቀን ቦርሳ የያዘ ከረባታም ሰው ወደ ሱቃቸው ሲገባ ክቡርነታቸው መዶሻቸውን ይዘው አንድ አሮጌ ሶፋ ሥር ተሰወሩ። "የሽቦ ሞላውን እያየሁ ነው" አሉ ከሥር ሆነው። ሰውየው ጥቂት ጠብቆ ወጣና ከማዶ ካለው ሱቅ ሙሉ የሳሎን ዕቃ አዘዘ። ለካ ሙሽራ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዕድሜ ልካችንን እንኖር ነበር፣ ልጃቸው ባትኖር። ሙያውን ከአባቷ ተምራ ዛሬ እጇ ከእሳቸው እጅ የሚለይ አይደለም፤ ሰኞ ያለችውን ደግሞ ሰኞ ታደርሳለች፣ ከማን እንደወረሰችው አናውቅም። በቅርቡ አንድ ትልቅ ክሊኒክ የእንግዳ መቀበያ ወንበሮቹን በሙሉ እንድትሠራለት ፈለገ። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በስሟ የወጣ የንግድ ፈቃድ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ። አባቷም ሱቁን ለእሷ ለማስተላለፍ ደስ ብሏቸው ተነሡ፤ ንግድ ቢሮው ግን በመጀመሪያ የአባትሽን የግብር ክሊራንስ አምጪ አላት። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ ነው።

ማታ እራት ላይ ነገረቻቸው። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እሱማ እዳው ገብስ ነው።"

"አባዬ፣ ገብሱ ነቅዟል!" አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "ይሄ ሥራ ካመለጠኝ ሰው ቤት ተቀጥሬ ነው የምኖረው። ሌላ አልልህም።"

ክቡርነታቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ነገ ጠዋት ፖስታዎቹን እንክፈት" አሉ፤ ሰኞ አላሉም።

በማግሥቱ ሦስታችን ሱቁ ውስጥ ተቀመጥንና ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ከፈትን። የሚያስፈራ ነገር የለባቸውም፤ አብዛኞቹ ያንኑ ማሳሰቢያ የሚደግሙ ናቸው። ትልቁ ጉዳይ ደረሰኝ ነው። ለጨርቁ፣ ለስፖንጁ፣ ለእንጨቱ ያወጡት ወጪ በደረሰኝ ካልታየ ግብሩ በግምት ይጣላል፤ ግምት ደግሞ ርኅራኄ አያውቅም።

"ደረሰኞቹስ ጋሼ?"

"አስቀምጫቸዋለሁ።"

"የት?"

"ጥሩ ቦታ።" ዓይናቸውን ከእኔ ሸሸጉ። "ዝናብ የማይነካው፣ ሌባ የማይደርስበት።"

ይህን ስህተት ሶፋ ሠሪ ካልሆነ ማንም አይሠራውም። ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ ማሳያ የሚሆን አንድ ያማረ ሶፋ ነበር፣ የማይሸጥ። ክቡርነታቸው የዓመቱን ደረሰኝ በላስቲክ ጠቅልለው፣ የሶፋውን የሥር ጨርቅ ፈተው፣ ከሞላውና ከስፖንጁ መሀል አስገብተው መልሰው በምስማር ይመቱታል። በየዓመቱ አንድ ጥቅል። ሰው እየመጣ ይቀመጥበታል፣ እሳቸው ልባቸው ያርፋል። ከዕለታት አንድ ቀን ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር መጡና "እኔ የምፈልገው ይሄንን ነው" አሉ። ወንድሜ ደግሞ ሥራቸውን ያደነቀ ሰው ፊት "አይሆንም" የሚሉበት አንደበት የላቸውም። ደረሰኙ ትዝ ያላቸው ሶፋው መኪና ላይ ወጥቶ መንገዱን ሲያቋርጥ ነው።

"ሰኞ ሄጄ አወጣዋለሁ ብዬ ነበር" አሉ። ልጃቸው ስቃ ታለቅሳለች ወይስ አልቅሳ ትስቃለች፣ መለየት አቅቶኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ወደ ዳይሬክተሯ ቤት እኔና እሳቸው ሄድን። በሩን ራሳቸው ከፈቱልን፤ እዚያ ሶፋ ላይ አንድ የጠገበ ድመት ተኝቷል። ወንድሜ እንዴት ብለው እንደሚጀምሩ ጠፍቷቸው "ሶፋው እንዴት ይዞልዎታል?" አሉ።

"መቼም እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ አላየሁም" አሉ ዳይሬክተሯ። "ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ሶፋውን ሲጠይቁኝ፣ ሰው እንዲህ ሥራውን ይወዳል እላለሁ። ብቻ ሲቀመጡበት ይንኮሻኮሻል። ብነግርዎት አዲስ ስፖንጅ ነው፣ እስኪለምድዎ ነው አሉኝ። እኔ ግን አይጥ ነው ብዬ ድመት አመጣሁ።"

ወንድሜን በክርኔ ጎሰም አደረግኋቸው።

"እትዬ፣ አይጥ አይደለም" አሉ። "ግብር ነው።"

ወንድሜ ሲያስረዷቸው ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩበት አስተያየት፣ ስንት ትውልድ ተማሪ በአንድ እግሩ ያቆመ መሆን አለበት። ቁጣውን ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ድመቱን አቅፈው አነሡና "ይክፈቱት እንግዲህ፣ ቆመው ምን ያደርጋሉ!" አሉ። ሶፋውን ገለበጥነው። ወንድሜ የሥር ጨርቁን ፈቱ። ጥቅሎቹ ተጫጭነው፣ ዝናብ ሳይነካቸው፣ ሌባ ሳይደርስባቸው ወጡ። ክቡርነታቸው ጨርቁን መልሰው መትተው ሲጨርሱ ዳይሬክተሯ ተቀመጡበትና ጆሯቸውን አቀኑ። "ዝም አለ" አሉ፤ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ግብር ቢሮ የሄድን ቀን ወንድሜ ሙሉ ልብስ ለበሱ። ለዓመታት በሐሳባቸው ውስጥ፣ እዚያ ቤት ስማቸውን እየጠራ የሚጠብቃቸው ባለ ትልቅ ሪዝ ሰውዬ ነበር። መስኮቱ ጋ ያገኘናት ግን ጉንፋን የያዛት ወጣት ሴት ናት።

"አባቴ፣ ይቀመጡ" አለቻቸው። ያጠኑት ንግግር ጠፋባቸውና ወንበሩን ነካ ነካ አድርገው "የዚህ ሞላው አልቋል" አሏት።

"እኛም አልቀናል" አለችና ወረቀቶቹን ተቀበለቻቸው። ፎርሞቹን ስታይ፣ ስትጠይቅ፣ አፍንጫዋን ስትጠርግ ብዙ ቆየች። ልጃቸው በትዕግሥት ያዘጋጀችው ስለነበር የጎደለ አልተገኘም። "ቅጣት አለው" አለች በመጨረሻ። "ወለድም አለው፣ አልዋሽዎትም። ግን በየወሩ እየከፈሉ መጨረስ ይችላሉ። ውሉን ከፈረሙ ክሊራንሱን ዛሬ ይዘው ይሄዳሉ።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ። ደግሞ በራስዎ እግር መጡ እኮ አባቴ። ስንቱን ነው ፈልገን የምናመጣው።"

ፈረሙ። ክሊራንሱን ተቀብለው ደረጃው ላይ ሲደርሱ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። "እታለም" አሉኝ፣ "እንዲህ ነበር እንዴ?" ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። መሐረቤን አቀበልኳቸው።

ከቢሮው እስከ ሱቁ መንገዱ አጭር ነው። ወንድሜ ግን፣ ማዕረጉን ከዚህ ወዲያ ልተውለትና፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ወደ ሱቁ ሁልጊዜ በገበያው በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው። ሐኪም ተራመድ ብሎት ይመስለኝ ነበር። በግብር ቢሮው ደጃፍ ላለማለፍ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ ለአንድ ሰልፍ ብሎ አንድ ሙሉ መንገድ ከነሰዎቹ አጥቶ ኖሯል። ጥቂት እንደሄድን ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ፣ ደንበኛውን በግማሽ ፀጉር ትቶ ወጣ።

"አንተ ሰው! በሕይወት አለህ? ምን አድርገንህ ነው?"

"ምንም!" አለ ወንድሜ አቅፎት። "ልጄ ሱቁን ልትረከብ ነው! ፈቃዱ በስሟ ሊወጣ ነው፣ ብቅ በል!" ድምፁ እስከ መንገዱ ጫፍ ተሰማ። ቁልፍ ቀራጩ ወጣ፣ ባለመድኃኒት ቤቷ ወጣች። ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራቸው፣ ሶፋውንም ድመቱንም ሳይደብቅ።

ስልኬ ጮኸ። ልጅቷ ናት፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

"አክስቴ፣ የት ቀራችሁ? እምቢ አሉት እንዴ?"

"ኧረ ተሰጥቶታል የኔ እመቤት፣ በእጁ ይዞታል። ውዝፍ ሰላምታ እየከፈለ ነው።"

ከማዶ በኩል ጫጫታዋ ሲቀልጥ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ዕድሜ ልኬን ይህን ሰው "ቶሎ በል" ስለው የኖርኩ ነኝ፤ ያን ቀንም የሚጠብቀኝ ሥራ ነበረኝ። አንድ በር ሳይዘል ወደሚቀጥለው ሱቅ ሲገባ አየሁት፣ ኮቱን ተቀበልኩትና ጥላ ፈልጌ ቆምኩ።